የቱሪንግ ካር ተወዳዳሪነትን ሙያ ማድረግ፦ ከመጀመሪያው ፈቃድ እስከ ተከፋይነት

ጣሊያናዊው ጋብሪዬሌ ታርኩዊኒ ፎርሙላ 1 ውስጥ በቆየባቸው ዓመታት ከተመዘገበባቸው ውድድሮች ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ለመነሻ መስመር እንኳ አልበቃም። ማጣሪያውን ሳያልፍ ሻንጣውን ሸክፎ የተመለሰበት ጊዜ ብዙ ነው። ይኸው ሰው ጣሪያና በር ያለው መኪና ውስጥ ሲገባ ነገሩ ተገለበጠ። በ2009 በ47 ዓመቱ የዓለም የቱሪንግ ካር ሻምፒዮን ሆነ፤ በ2018 ደግሞ በ56 ዓመቱ የዓለም ዋንጫውን አነሳ። (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሙያው የራሱ መመዘኛ አለው። የቱሪንግ ካር ቡድን አንድ ዙር ላይ ብልጭ ብሎ ለሚጠፋ ፈጣን ልጅ ደመወዝ አይከፍልም። የሚከፍለው መኪናዋን ሳያጋጭ ነጥብ ይዞ ለሚመለስ፣ መኪናዋ ምን እንደነካት ለኢንጂነሩ በቅጡ ለሚያስረዳ፣ ወጪውን ከሚሸፍነው ስፖንሰር ጋር ተግባብቶ ለሚዘልቅ ሰው ነው። ከዚህ በታች ያሉትን ደረጃዎች ስታነቡ ይህን ይዛችሁ አንብቡ።

1. የምትገቡበትን ሻምፒዮና ለዩ

ቱሪንግ ካር ለሕዝብ ከሚሸጥ ሞዴል ተነስቶ ለውድድር የተሠራ መኪና ነው። ከውጭ ሲታይ መንገድ ላይ የምናውቀው ሴዳን ወይም ሃችባክ ነው፤ በሩ ሲከፈት ግን አንድ መቀመጫ፣ አሽከርካሪውን ከአደጋ የሚጠብቅ ከብረት ቱቦ የተበየደ ኬጅ፣ የእሳት ማጥፊያና ራቁቱን የቀረ ላሜራ ብቻ ነው ያለው።

ዛሬ በብዙ አገር መግቢያው በር ቲሲአር ነው። በ2015 መወዳደሪያ የሆነው ይህ ደንብ እስከ 2.0 ሊትር ቱርቦ ሞተር ያላት፣ በፊት ጎማ የምትነዳ፣ ወደ 350 የፈረስ ጉልበት የምትጠጋ መኪና ይጠይቃል። ፋብሪካው መኪናዋን ሠርቶ ለግል ቡድኖች ይሸጣል፤ ያችው መኪና በብሔራዊ ሻምፒዮና፣ በአህጉር ደረጃም ሆነ በዓለም ውድድር ትሮጣለች። ስለዚህ በአንዱ አገር የለመዳችሁት የመኪና ጠባይ በሌላውም አገር ያገለግላችኋል።

የብሪታኒያው የቱሪንግ ካር ሻምፒዮና፣ ቢቲሲሲ፣ ከ1958 ጀምሮ ያለ ሲሆን በአንድ እሑድ ሦስት ውድድር ያካሂዳል፤ መነካካት የበዛበትና ተመልካች የሚጎርፍበት ነው። የጀርመኑ ዲቲኤም በስም ቱሪንግ ካር ይባል እንጂ ከ2021 ወዲህ የሚሮጠው ከስፖርት መኪና ተነስተው በተሠሩ ጂቲ3 በሚባሉ መኪኖች ስለሆነ ወደዚያ የሚወስደው መንገድም ወጪውም ሌላ ነው። የአውስትራሊያው ሱፐርካርስ ቪ8 ሞተር ያለው፣ በኋላ ጎማ የሚነዳ ከባድ መኪና ነው። አርጀንቲናና ብራዚል የራሳቸው ትልልቅ ሻምፒዮናዎች ስላሏቸው እዚያ ያለ ተወዳዳሪ ከአገሩ ሳይወጣ ዕድሜውን ሙሉ ከሙያው እንጀራ መብላት ይችላል።

ከሦስት ወይም ከአራት ዓመት በኋላ መድረስ የምትፈልጉበትን ሻምፒዮና ምረጡና ከዚያ ወደ ኋላ ቁጠሩ። በፊት ጎማ በሚነዳ መኪና ልትወዳደሩ አስባችሁ ያላችሁን በጀት በኋላ ጎማ በሚነዳ መኪና ላይ ብታፈስሱ፣ ያዳበራችሁት የእግር ልማድ ነገ መልሶ ይጥላችኋል። ለምን እንደሆነ ደረጃ 5 ላይ እናየዋለን።

2. ሰውነታችሁን የመኪና ቋንቋ አስተምሩ

አብዛኛው ተወዳዳሪ በካርቲንግ ጥርሱን የነቀለ ነው። በሰባትና በስምንት ዓመታቸው የሚጀምሩ ልጆች አሉ። ካርት ሾክ አብዞርበር የለውም፤ ጎማው ሲንሸራተት መልእክቱ በቀጥታ መቀመጫችሁ ላይ ይደርሳል። በዚያ ላይ ጎን ለጎን ሆኖ መታጠፊያ መግባትን ገና በልጅነት ያስለምዳል፤ ይህ ለቱሪንግ ካር ከሁሉም በላይ የሚጠቅም ትምህርት ነው።

ዘግይቶ መጀመር መንገዱን ያረዝመዋል እንጂ አይዘጋውም። ሃንጋሪያዊው ኖርበርት ሚሄሊስ መንዳትን የተማረው ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ በሲሙሌተር ነው። ከዚያ አገሩ ውስጥ ወደሚካሄድ የአንድ ሞዴል ውድድር ገባ፤ በ2019 የዓለም ዋንጫውን አነሳ። ሲሙሌተር የሩጫ መንገዱን ቅርጽ፣ የፍሬን መያዣ ቦታዎችንና ከመኪናዋ የሚመዘገብ ዳታ ማንበብን በርካሽ ያስተምራል። የማያስተምረው ነገር አለ፦ መኪናዋ ልትዞር ስትል ወገባችሁ ላይ የሚሰማው ስሜት፣ ፍርሃትና የተሰባበረ መኪና ሒሳብ። ስለዚህ ሲሙሌተር ላይ የምታጠፉትን ሰዓት ከእውነተኛ መኪና ጋር አፈራርቁት።

ዋጋው ከጥቅሙ ጋር ሲነጻጸር ብዙ ሰው የሚዘነጋው ልምምድ በሚያንሸራትት መሬት ላይ መንዳት ነው። ፈረንሳዊው ኢቫን ሙለር አራት ጊዜ የዓለም የቱሪንግ ካር ሻምፒዮን ከመሆኑ በተጨማሪ በበረዶ ላይ ይካሄድ የነበረውን የአንድሮስ ዋንጫ አሥር ጊዜ አሸንፏል። በረዶ ካላገኛችሁ ውሃ የተረጨበት ባዶ አስፋልት ይበቃል። በዝቅተኛ ፍጥነት መኪናዋ ስትንሸራተት እጅና እግር ምን ማድረግ እንዳለባቸው እስኪለምዱ ደጋግሙት።

3. ፈቃድ፣ ሕክምና፣ ባንዲራ

የውድድር ፈቃድ የሚሰጠው ከዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን፣ ከፊያ፣ እውቅና ያገኘው የየአገሩ የሞተር ስፖርት ማኅበር ነው። አሠራሩ ከአገር አገር ቢለያይም የሕክምና ምርመራ፣ የንድፈ ሐሳብ ትምህርትና በሩጫ መንገድ ላይ የሚሰጥ የመንዳት ፈተና የተለመዱ ናቸው። ፈተናው ፍጥነት አይለካም። የሚታየው መኪናዋን ተቆጣጥራችሁ መንዳታችሁና መስታወት መመልከታችሁ ነው፤ ፈታኙን ለማስደነቅ ብሎ መንገድ የሳተ ብዙ ነው። ከዚያ በኋላ ብሔራዊ ፈቃድ ይዛችሁ ስትወዳደሩ ውጤታችሁ እየተመዘገበ ወደ ዓለም አቀፉ ደረጃ ታድጋላችሁ፤ እርከኑ ከታች ወደ ላይ ዲ፣ ሲ፣ ቢ እና ኤ ነው።

ባንዲራዎቹን ከእንቅልፍ ተቀስቅሳችሁ ብትጠየቁ እንኳ መመለስ አለባችሁ። የሚውለበለብ ቢጫ፦ አደጋ አለ፣ ፍጥነት ቀንሱ፣ መቅደም ክልክል ነው። ሰማያዊ፦ ከኋላችሁ አንድ ዙር የቀደማችሁ መኪና መጥቷል። ቢጫና ቀይ መስመር ያለበት፦ መንገዱ ያንሸራትታል፣ ብዙ ጊዜ ዘይት ፈስሷል ማለት ነው። ጥቁር ላይ ብርቱካንማ ክብ ከመኪና ቁጥራችሁ ጋር፦ መኪናችሁ ተበላሽታለች፣ ወደ ፒት (መኪና ወደሚጠገንበት ቦታ) ግቡ። ጥቁርና ነጭ በሰያፍ የተከፈለ፦ ስለ አነዳዳችሁ ማስጠንቀቂያ ነው። ነጩ ላይ ተጠንቀቁ፤ በፊያ ደንብ ፊታችሁ ቀስ ብሎ የሚሄድ ተሽከርካሪ አለ ማለት ሲሆን በአሜሪካ ውድድሮች ግን የመጨረሻው ዙር መጀመሩን ያመለክታል። በቢጫ ባንዲራ ሥር መቅደም ከባድ ቅጣት አለው። ተገቢም ነው፤ መንገዱ ላይ የቆሙት ማርሻሎች፣ ባንዲራ የሚያውለበልቡትና አደጋ ላይ የሚደርሱት ሰዎች፣ ምንም መከላከያ የላቸውም።

ሄልሜት፣ እሳት የሚቋቋም ቱታ፣ የውስጥ ልብስ፣ ጓንት፣ ጫማና አንገትን የሚይዘው ሃንስ ሁሉም የፊያ ማረጋገጫ ምልክት ሊኖራቸው ይገባል። ያገለገለ ቱታ መግዛት ይቻላል፤ ያገለገለ ሄልሜት ግን በፍጹም አትግዙ። ከዚህ በፊት ምን እንደመታው ከውጭ አይታይም።

4. የመጀመሪያው መኪና፦ ሁሉም እኩል የሚነዱበት ውድድር

ከካርት ወይም ከሲሙሌተር በቀጥታ ወደ ቲሲአር መዝለል ይቻላል፣ ገንዘብ ካለ። የተሻለው መንገድ ግን ሁሉም ተወዳዳሪ አንድ ዓይነት መኪና የሚነዳበት የአንድ ሞዴል ዋንጫ ነው። እዚያ ስታሸንፉ ማንም «መኪናው ነው» አይላችሁም፤ ስትሸነፉም ሰበብ አይኖራችሁም።

ሐሳቡ ራሱ የቆየ ነው። የብሪታኒያ ሻምፒዮና በተጀመረበት በ1958 ጃክ ሲርስና ቶሚ ሶፕዊዝ ዓመቱን በእኩል ነጥብ ጨረሱ። አሸናፊውን ለመለየት ብራንድስ ሃች ላይ ሁለት ተመሳሳይ ራይሊ መኪኖች ቀረቡላቸው፤ አንዴ ሮጡ፣ መኪና ተቀያየሩና ደግመው ሮጡ። ሲርስ በድምሩ በ1.6 ሴኮንድ በልጦ የመጀመሪያው ሻምፒዮን ሆነ። በቅርቡ ዘመን ደግሞ አሽ ሳተን በ2015 የብሪታኒያን የሬኖ ክሊዮ ዋንጫ አሸነፈ፣ በቀጣዩ ዓመት ቢቲሲሲ ገባ፣ በ2017 ሻምፒዮን ሆነ። ክሊዮ በፊት ጎማ የምትነዳ ትንሽ መኪና ናት፤ ወደ ላይ ሲወጣም መጀመሪያ የያዘው በፊት ጎማ የሚነዳ መኪና ነበር።

በጀት ስታወጡ የመኪናውን ዋጋ ብቻ አትዩ። አዲስ የቲሲአር መኪና ከ100,000 ዩሮ በላይ ያወጣል፤ ትልቁ ገንዘብ ግን የሚሄደው እሷን በማስሮጥ ላይ ነው። ጎማ፣ የፍሬን ሸራና ዲስክ፣ የሞተርና የካምቢዮ እድሳት፣ የመካኒኮች ክፍያ፣ ማጓጓዣ፣ የምዝገባ ክፍያ፣ ሆቴል፣ የልምምድ ቀናት። ከሁሉም የሚዘነጋው የግጭት ወጪ ነው። አንድ መጥፎ እሑድ የቀሪውን ዓመት በጀት ሊውጥ ይችላል፤ ለእሱ ከመጀመሪያው ገንዘብ ለይታችሁ ካላስቀመጣችሁ ውድድሩን የምታቋርጡት ሐምሌ ላይ ነው።

ገንዘብ ሲያጥር ምን ይቀነስ? እኔ ብጠየቅ የመኪናዋን ቀለም፣ የቡድኑን ድንኳንና ውድ ሆቴሉን እቀንሳለሁ። የልምምድ ቀንና አዲስ ጎማ አልነካም። በአንድ ሙሉ ዓመት ትልቅ ሻምፒዮና ውስጥ ያለ ልምምድ መጨረሻ ከመሆን ሁለት ዓመት ትንሽ ሻምፒዮና ውስጥ ከፊት መሮጥ ይሻላል። ቡድን አስተዳዳሪዎች የውጤት ሰንጠረዥ ሲያዩ ዓይናቸው ላይኛው መስመር ላይ ነው የሚያርፈው።

5. በፊት ጎማ የሚነዳ መኪና መንዳት

ከሌላ ዓይነት ውድድር የመጡ ፈጣን ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። እንዲህ ዓይነቷ መኪና ላይ የፊት ጎማዎች ሦስት ሥራ ይሠራሉ፦ ይጎትታሉ፣ ይጠመዝዛሉ፣ አብዛኛውን የፍሬን ጫናም ይሸከማሉ። የኋላዎቹ ይከተላሉ።

ከፒት ስትወጡ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች አስቡ። የፊት ጎማዎች በሥራ ብዛት ቶሎ ይሞቃሉ፤ የኋላዎቹ ገና ቀዝቃዛ ናቸው። መሪው የታዘዘውን ይፈጽማል፣ አፍንጫዋ ወደ ውስጥ ትገባለች፣ እናንተም «ይዟል» ትላላችሁ። ልክ በዚያች ቅጽበት ኋላው ይሸሻል። ደመ ነፍስ እግራችሁን ከነዳጁ አንሱ ይላችኋል። ካነሳችሁ ክብደቱ ወደ ፊት ይወድቃል፣ ኋላው ይበልጥ ይቀላል፣ መኪናዋ ዞራ ግድግዳ ታገኛለች። መድኃኒቱ ተቃራኒው ነው፦ መሪውን መውጣት ወደምትፈልጉበት አቅኑ፣ ነዳጁን ርገጡ፤ ፊቱ ጎትቶ ያወጣችኋል። ይህን በንባብ ማወቅ አይበቃም፤ እግር ሳያስብ የሚያደርገው እስኪሆን ድረስ መደጋገም ይፈልጋል። በኋላ ጎማ የሚነዳ መኪና ላይ ኋላው ሲሸሽ ነዳጅ መጨመር ብዙ ጊዜ ነገሩን ያባብሳል። ልማዶቹ ይጋጫሉ ያልኩት ለዚህ ነው።

ቀጥሎ ፍሬን። ለመንገድ መንጃ ፈቃድ ስትማሩ ቀጥታው ላይ ፍሬን ጨርሳችሁ ከዚያ መሪ እንድታዞሩ ነው የተነገራችሁ። በውድድር ፍሬኑ በመጀመሪያው ቅጽበት ጠንክሮ ይረገጥና መሪው እየዞረ በሄደ መጠን እየሳሳ እስከ መታጠፊያው ውስጠኛ ነጥብ ድረስ ይዘልቃል። በዚህ ጊዜ ፊቱ ላይ ክብደት ስለሚቆይ ጎማው ይነክሳል፤ ኋላው ደግሞ ትንሽ ቀለል ብሎ መኪናዋ እንድትዞር ይረዳል። እግሩን በአንድ ጊዜ የሚለቅ አሽከርካሪ አፍንጫው ወደ ውጭ ይሸሽበታል፤ ከዚያ መኪናዋ አትታጠፍም ብሎ ያማርራል። የውድድር ካምቢዮ ፍሪሲዮን የሚፈልገው በመነሻ ላይ ስለሆነ የግራ እግራችሁ ነጻ ነው፤ ፍሬኑን በግራ እግር መያዝን ልመዱ። በቢቲሲሲ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ኤቢኤስም፣ ጎማ በከንቱ እንዳይሽከረከር የሚከላከለው ትራክሽን ኮንትሮልም ስለሌለ ጎማው ሊቆለፍ ሲል የሚያስጠነቅቃችሁ እግራችሁ ብቻ ነው።

ሦስተኛው የጎማ ቁጠባ ነው። አንድ ውድድር በአብዛኛው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይወስዳል። አጭር ይመስላል፤ ግን ሦስት ሥራ የሚሠራ ጎማ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሊቃጠል ይችላል። መሪውን አብዝቶ መጠምዘዝ ጎማውን መፍጨት ነው። አፍንጫዋ አልገባ ስትል መሪውን መጨመር አይረዳም፤ ትንሽ መልሱት፣ ጎማው እስኪይዝ ጠብቁ። ከመታጠፊያ ስትወጡም መሪው ሳይቃና ነዳጁን ሙሉ በሙሉ አትርገጡ። በመጨረሻዎቹ አምስት ዙሮች ሰው የሚቀድሙት እንዲህ የነዱት ናቸው።

6. በር ለበር

ቱሪንግ ካር ላይ ጎማ በአካል የተሸፈነ ስለሆነ መነካካት ይቻላል። ይህ ማለት መግፋት ይፈቀዳል ማለት አይደለም። ጎን ለጎን ሲወጡ በር በር ማሸት የጨዋታው አካል ነው፤ ከኋላ መትቶ ማዞር ያስቀጣል። ውድድሩን የሚዳኙት ሰዎች የሚያዩት ነገር በጥቅሉ አንድ ነው፦ መታጠፊያው ሲጀመር መኪናችሁ ከተቀናቃኙ ጎን በበቂ ደርሳ ነበር ወይስ ዘግይታችሁ ተወረወራችሁ? የመኪና ላይ ካሜራ ቀረጻ ስላለ ክርክር ብዙም አያድናችሁም። ስማችሁ አንዴ «ገፊ» ተብሎ ከወጣ አጠራጣሪው ነገር ሁሉ እናንተ ላይ ይፈረዳል፤ ሌሎቹም ቦታ አይሰጧችሁም።

በመጀመሪያው ዙር ሃያ ምናምን መኪና ወደ አንድ ጠባብ መታጠፊያ ይገባል፤ የሁሉም የኋላ ጎማ ቀዝቃዛ ነው። ዓይናችሁን ከፊታችሁ ካለው መኪና መብራት ላይ አንሱና ሁለትና ሦስት መኪና አሻግራችሁ ተመልከቱ። መሃል ላይ ሰንዱቅ ውስጥ ከተዘጋችሁ ማምለጫ የላችሁም፤ አንድ ጎን ክፍት አድርጉ።

ነጥብ ደግሞ የሚለቀመው ከትንሽ ቦታ ነው። በ2004 አንዲ ፕሪዮና ዲርክ ሙለር የአውሮፓን የቱሪንግ ካር ሻምፒዮና በእኩል ነጥብ ጨርሰው ዋንጫው ለፕሪዮ የሄደው ብዙ ድል ስለነበረው ነው። በ2019 ቢቲሲሲ በመጨረሻው ውድድር የመጨረሻ ዙሮች ላይ ዋንጫውን ሊይዝ የነበረው ዳን ካሚሽ ፍሬኑ ተበላሸበት፤ ኮሊን ተርኪንግተን በ2 ነጥብ ልዩነት ሻምፒዮን ሆነ። እንዲህ ዓይነት ዓመት ላይ በሚያዝያ ወር ዘጠነኛ ሆኖ ለመጨረስ የታገለ ሰው ያ ትግል ዋጋ እንዳለው ይገባዋል። ሻምፒዮናዎቹ ራሳቸው አንዱ ብቻውን ርቆ እንዳይሄድ ይከላከላሉ፦ ለአሸናፊ መኪና ክብደት ይጨመርባታል፣ ወይም በአንዱ ውድድር መነሻ ላይ የፊተኞቹ ቅደም ተከተላቸው ተገልብጦ ይሰለፋሉ። ስለዚህ በከበደች መኪና ስድስተኛ መውጣት አንዳንድ ጊዜ ከድል የሚቆጠር ሥራ ነው። ጥሩ ቡድን ይህን ያውቃል።

7. ከኢንጂነሩ ጋር መነጋገር

ከመኪና ወርዳችሁ ሄልሜት ሳታወልቁ የምትናገሩት ነገር የሥራችሁ ግማሽ ነው። «አትታጠፍም» የሚል አሽከርካሪ ለኢንጂነሩ ምንም አልነገረውም። እንዲህ ብላችሁ ንገሩት፦ «ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ፍሬን ይዤ ስገባ ደህና ነች፤ ፍሬኑን ጨርሼ ነዳጅ ከመርገጤ በፊት ባለው ክፍተት ፊቱ ይሸሻል፤ ስወጣ እንደገና ትይዛለች። ከአምስተኛው ዙር በኋላ ነው የጀመረው።» አሁን ኢንጂነሩ ሞላውን ይንካ፣ የጎማ አየር ይቀንስ ወይስ መኪናዋን ትቶ የእናንተን እግር ይመልከት፣ መነሻ አገኘ።

ከዚያ ዳታው ይከፈታል። የእናንተና የባልደረባችሁ ዙር አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ በሁለት ቀለም ይታያል። ፍጥነቱን ትታችሁ የነዳጁን መስመር እዩ። የባልደረባችሁ መስመር አንዴ ይነሳና ቀጥ ብሎ ላይ ይደርሳል። የእናንተ ይነሳል፣ ትንሽ ይወርዳል፣ እንደገና ይነሳል። ያቺ ጉብታ ቀድማችሁ ረግጣችሁ መኪናዋ ስትሸሽባችሁ እንደለቀቃችሁ ትናገራለች። መኪናዋ ውስጥ ሆናችሁ ግን «ቀድሜ ነው የረገጥኩት፣ እኔ እበልጣለሁ» ስትሉ ነበር። ዳታ አይከራከርም። እዚህ ላይ ኩራታችሁን ዋጥ አድርጋችሁ «እኔ ነኝ፣ መኪናዋን አትንኳት» ማለት ከቻላችሁ ኢንጂነሩ በሚቀጥለው ጊዜ መኪናዋ ናት ስትሉ ያምናችኋል።

የመካኒኮችን ስም ያዙ። ሌሊቱን ቁጭ ብለው የእናንተን ግጭት የሚጠግኑት እነሱ ናቸው፤ ቡድኑ ስለ እናንተ በሚወስነው ውሳኔ ላይም ቃላቸው ይሰማል።

8. አካል

መኪናው ውስጥ በበጋ ሙቀቱ ከ50 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊያልፍ ይችላል፤ እናንተ ደግሞ ባለ ብዙ ንብርብር ቱታ ውስጥ ናችሁ። የልብ ምት ሩጫ ላይ እንዳለ ሰው ይመታል። ስለዚህ ረጅም ሩጫ ወይም ብስክሌት፣ የአንገትና የወገብ ጥንካሬ፣ በሙቀት ውስጥ መለማመድ። ውሃ መጠጣት የሚጀመረው ዋዜማውን ነው። ክብደት መቀነስ ብዙም አያስጨንቃችሁ፤ በብዙ ሻምፒዮና ዝቅተኛው ክብደት የሚለካው መኪናዋ ከነአሽከርካሪዋ ነው። የፊያ የዶፒንግ ሕግ እዚህም ይሠራል፤ የጉንፋን መድኃኒት እንኳ ሐኪም ሳታማክሩ አትውሰዱ።

9. ገንዘቡን ማምጣት

ብዙዎች የማይወዱት ደረጃ ይህ ነው፤ ሙያውን የሚወስነውም እሱ ነው። በትልቅ ብሔራዊ ሻምፒዮና ለአንድ ዓመት መቀመጫ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ፓውንድ ወይም ዩሮ ያስፈልጋል። በዚህ ስፖርት ውስጥ ካሉት ብዙዎቹ ይህን ገንዘብ ይዘው የሚመጡ ናቸው፤ ከቡድኑ የሚከፈላቸው ጥቂቶች ናቸው። በመካከሉ ደግሞ ግማሹን አምጥተው ግማሹን ቡድኑ የሚሸፍንላቸው አሉ፤ እናንተም በመጀመሪያ የምትቆሙት እዚያ ነው።

ስፖንሰር የሚፈልግ ጀማሪ ለመቶ ኩባንያ አንድ ዓይነት ደብዳቤ ይልክና መልስ ሲያጣ ያዝናል። ኩባንያው የመኪናችሁ በር ላይ ስሙ መጻፉ ብቻውን አያጓጓውም። እቃ አከፋፋይ ከሆነ ደንበኞቹን በውድድር ቀን ጋብዞ ከአሽከርካሪው ጋር ጋራዥ ውስጥ ማዋል ይፈልግ ይሆናል፤ ትልቅ ፋብሪካ ያለው ሠራተኞቹን ማበረታቻ ይፈልግ ይሆናል፤ ሌላው ከሁለተኛው ስፖንሰራችሁ ጋር መገበያየት ይፈልጋል። ይህን የመጨረሻውን ብዙ ሰው አያስብበትም፤ ሁለት ስፖንሰሮችን አስተዋውቃችሁ ሥራ ከተሠራሩ በሚቀጥለው ዓመት የሚያባርራችሁ የለም። ከመሄዳችሁ በፊት ኩባንያው ለማን ምን እንደሚሸጥ እወቁ፣ የምትጠይቁትን መጠን በቁጥር ተናገሩ፣ በጽሑፍ የምታቀርቡት ነገር ከአንድ ወረቀት አይብለጥ።

ገንዘቡ ከገባ በኋላ ነው እውነተኛው ሥራ። ከእያንዳንዱ ውድድር በኋላ ባሉት ሁለት ቀናት ውስጥ አጭር ሪፖርት ላኩ፦ ውጤት፣ ፎቶ፣ የተገኘው ሽፋን። ስትሸነፉም ላኩ። ስትጋጩማ ከሁሉም አስቀድማችሁ ደውሉ፤ ዜናውን ከሌላ ሰው እንዳይሰሙ።

10. ውል

የሆሴ ማሪያ ሎፔስን ታሪክ እወቁት። አርጀንቲናዊው ሎፔስ በ2010 ዩኤስ ኤፍ1 ከተባለ አዲስ የፎርሙላ 1 ቡድን ጋር ፈረመ፤ ቡድኑ አንድም ውድድር ሳያደርግ ፈረሰ። ወደ አገሩ ሻምፒዮና ተመለሰና መሮጡን ቀጠለ። በ2013 የዓለም የቱሪንግ ካር ሻምፒዮና አርጀንቲና ውስጥ ወዳለው ቴርማስ ደ ሪዮ ኦንዶ ሲመጣ በአንድ የግል ቡድን ቢኤምደብልዩ በእንግድነት ገባ፤ ሁለተኛውን ውድድር አሸነፈ። ሲትሮየን ቀጠረው፤ 2014፣ 2015 እና 2016ን በተከታታይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። እንዲህ ያለ አንድ ቀን ሲመጣ ዝግጁ ሆኖ የሚያገኛችሁ ቅዳሜና እሑዱን ሁሉ የሆነ መኪና ላይ ከሆናችሁ ነው።

ፊርማ ከማኖራችሁ በፊት በጽሑፍ መልስ የምትፈልጉባቸው ነገሮች አሉ። የግጭት ወጪ ማን ይከፍላል፣ ጣሪያውስ ስንት ነው? ስንት የልምምድ ቀንና ስንት አዲስ ጎማ ተካቷል? ሞተሩ ምን ያህል ኪሎ ሜትር ሄዷል፣ እድሳቱ የማን ነው? ባልደረባችሁ አዲስ ዕቃ ሲያገኝ እናንተም ታገኛላችሁ? ሄልሜታችሁና ቱታችሁ ላይ ያለው ቦታ የሚሸጠው በእናንተ ነው ወይስ በቡድኑ? ቡድኑ በዓመቱ አጋማሽ ቢያቆም የከፈላችሁት ምን ይሆናል? የዓመቱን ገንዘብ በአንድ ጊዜ አትክፈሉ፤ ክፍያውን በየውድድሩ ከፋፍሉት። የሞተር ስፖርት ውል የሚያውቅ ጠበቃ ያነብላችሁ። ለጉዳትም የራሳችሁ ኢንሹራንስ ይኑራችሁ፤ ተራ የሕይወት መድን ብዙ ጊዜ ውድድርን አይሸፍንም።

ተከፋይ ከሆናችሁ በኋላም ገቢው ከአንድ ቦታ አይመጣም። ሌሎችን በሩጫ መንገድ ላይ ማሠልጠን፣ ለፋብሪካ መኪና መሞከር፣ በረጅም ውድድሮች ሁለተኛ አሽከርካሪ መሆን የብዙዎቹ ቋሚ ገቢ ነው። የአውስትራሊያው ባተርስት 1000 በ6.213 ኪሎ ሜትር ተራራማ መንገድ 161 ዙር ሲሆን እያንዳንዱ መኪና ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ ያ ሁለተኛ መቀመጫ ለወጣቶች መታያ፣ ለአንጋፋዎች ደግሞ መቆያ ሆኖ ያገለግላል። አራት ጊዜ የብሪታኒያ ሻምፒዮን የሆነው አንዲ ራውስ መኪና የሚሠራ የራሱን ድርጅት ይመራ ነበር፤ ኢቫን ሙለርም በራሱ ቡድን መኪና ተወዳድሯል።

ሴቶች ቁጥራቸው አሁንም ጥቂት ነው። ኤለን ሎር በ1992 ሆክንሃይም ላይ የዲቲኤም ውድድር አሸንፋለች፤ መኪናዋም ደንቡም ከወንዶቹ ጋር አንድ ነበር። ከላይ ያሉት ደረጃዎች ለሴትም ለወንድም አንድ ናቸው፤ የሚለየው ቡድኑ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚጠራጠሯችሁ ነው፣ እዚያ ላይ ደረጃ 7 ያለው ዳታ ጠበቃችሁ ነው።

የቀጣዩ ዓመት መቀመጫ የሚሞላው የዘንድሮው ዋንጫ ከመሰጠቱ በፊት ነው። ነሐሴ ላይ ሦስት የቡድን አስተዳዳሪዎችን በአካል አግኙ፤ ከስፖንሰሩ ጋር የሚደረገውን ንግግር ከመስከረም አታሳልፉ፣ ኩባንያዎች የዓመት በጀታቸውን የሚዘጉት ያኔ አካባቢ ነው። በኅዳር የሙከራ ቀን ካገኛችሁ የዙር ሰዓት ለመስበር አትሂዱ። ሰባት ዙር በጣም በተቀራረበ የዙር ሰዓት ንዱ፣ መኪናዋን ሳትቧጥጡ መልሱ፣ ለኢንጂነሩ ሦስት ጠቃሚ ነገር ንገሩት፤ ወደ ቤት ከመሄዳችሁ በፊትም ዳታውን ቁጭ ብላችሁ አብራችሁ እዩ።